ጀማሪን የእንጨት ሙያ ስለ ማስተማር

ሙያ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሀብት ነው። ገንዘብ ለሌላ ሲሰጡት ከሰጪው እጅ ይጐድላል፤ ሙያ ግን ለሌላ ቢሰጡት ከሰጪው ዘንድ አይጐድልም። እንዲህ ከሆነ ሙያን ማስተማር ለሁሉ ቀላል በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን በብዙ የሥራ ቤት የሚታየው ሌላ ነው። አንድ ጐልማሳ የእንጨት ሥራ ሊማር ወደ አናጢ ቤት የገባ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ከሁለት ዐይነት መምህራን አንዱ ያጋጥመዋል። አንደኛው ጀማሪውን ሰጋቱራ ሲያስጠርግ፥ ጣውላ ሲያሸክምና ሻይ ሲያስመጣ ዓመት ያሳልፋል፤ መለኪያውንና መሣሪያውን ግን አያስነካውም። ሁለተኛው ሥራ ስለ በዛበት ጀማሪውን በመጣ በሳምንቱ በኤሌክትሪክ ከሚዞረው መጋዝ ፊት ያቆመዋል፤ «እንዲህ አድርግ» ይለዋል እንጂ ስለ ምን እንዲያ እንደሚደረግ አይነግረውም። ፊተኛው ከእጁ ሥራን ይነፍጋል፤ ኋለኛው ከአእምሮው ምክንያትን ይነፍጋል። ሁለቱም መምህር ተብለው ተጠሩ እንጂ አላስተማሩም።

እውነተኛ ማስተማር ሥራውን ከነምክንያቱ መስጠት ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሠራተኛ ያየውን ብቻ ይደግማል፤ ነገሩም ጥቂት የተለወጠ እንደ ሆነ ይደናገራል። ምክንያቱን ያወቀ ግን አይቶት ለማያውቀውም ሥራ መንገድ ያገኝለታል። ይህ ነገር በሙያ ሁሉ እውነት ነው፤ ይልቁንም ዛሬ በከተማ ካቢኔት በሚባለው በማዕድ ቤት ቁም ሣጥን ሥራ ጐልቶ ይታያል። ይህ ሥራ እንጨትን ብቻ ሳይሆን ግድግዳን፥ ውኃን፥ እሳትንና የሰውን አካል ማወቅ ይፈልጋልና።

ሙያን የመሰወር ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ባለ እጅ ይናቅ ነበር፤ ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በስድብ ስም ይጠሩ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከለከሉ። የተናቀ ሰው መከታው ሙያው ብቻ ስለ ነበረ፥ ለልጁ ብቻ እያወረሰ ከባዕድ ቢሰውረው አይፈረድበትም። ዛሬ ግን የእንጨት ሙያ ደኅና እንጀራ የሚያበላ፥ ቤትንም የሚያስጌጥ ሥራ ሆኖ ብዙ ወጣቶች ይፈልጉታል። የመሰወሩ ምክንያት አልፎ ሳለ መሰወሩ ብቻ ቀርቷል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውም ተረት ሰው ሳይፎክር በዝምታ እንዲሠራ ይመክራል እንጂ፥ ዐዋቂ ዕውቀቱን ይዞ ወደ መቃብር እንዲወርድ አያዝም።

ጀማሪ እስከ መቼና እንዴት ይማር የሚለው ጥያቄ በሌላም አገር ብዙ አከራክሯል። በእንግሊዝ አገር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1563 የወጣው ሕግ ማንም ሰው ሰባት ዓመት ሳይማር በብዙዎቹ ሙያዎች እንዳይሠራ ይከለክል ነበር፤ ይህም ትእዛዝ በ1814 ተሻረ። ከመሻሩ አስቀድሞ አዳም ስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ በ1776 ባሳተመው ስለ መንግሥታት ሀብት በሚናገረው መጽሐፉ ያን ረጅም ዘመን ነቅፎታል። ሊቁ እንደሚለው፥ ጀማሪው ከመጀመሪያ በሠራው መጠን ደመወዝ ቢቀበል፥ ባለማወቅ ያበላሸውንም ዕቃ ራሱ ቢከፍል፥ ይበልጥ ተግቶ ይማር ነበር።

የሊቁ ምክር እኩሌታው መልካም ነው። በሠራው መጠን ደመወዝ የሚያገኝ ጀማሪ በእውነት ይተጋል፤ ያለ ዋጋ የሚደክም ግን ልቡ ከሥራው ይርቃል። ያበላሸውን ይክፈል የሚለው ግን በሥራ ቤት ሲፈተን ጥፋትን አያስቀርም፤ ይሰውራል እንጂ። አንድ ጀማሪ መደርደሪያውን አምስት ሚሊ ሜትር አሳጥሮ ቈረጠ እንበል። ጣውላውን ከደመወዙ እንደሚከፍል ካወቀ ጐዶሎውን በኮላና በሰጋቱራ ይደፍነዋል፤ በላዩም ቀለም ይቀባበታል። መምህሩ አያየውም፤ ገዢውም አያየውም። ከጥቂት ወራት በኋላ መደርደሪያው የሸክላ ሳሕኑን ክብደት መሸከም ያቅተውና በሰው ቤት ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ የሚከፈለው የአንድ ጣውላ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ቤቱም ስም አብሮ ይከፈላል። ስለዚህ ለመማሪያ የሚበላሸውን መምህሩ ይሸከመው ዘንድ ይገባል፤ መጀመሪያም ከሥራ የተረፈውን ቁርጥራጭ ይስጠው እንጂ የገዢን ጣውላ አይስጠው። ሕጉም እንዲህ ይሁን፦ በዕለቱ «ጋሼ፥ ይህን አጥፍቻለሁ» ብሎ የተናገረ አይቀጣ፤ የሰወረ ግን ይቀጣ።

ከመሣሪያም አስቀድሞ ጀማሪው የእንጨትን ጠባይ ሊማር ይገባዋል። እንጨት ተቈርጦ ተላግቶም ሳለ ከአየሩ እርጥበት የተነሣ ይንቀሳቀሳል፤ በክረምት ይሰፋል፥ በበጋ ይጠባል። መስፋቱና መጥበቡ በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ ግን ከቍጥር የማይገባ ነው። ስለዚህ ደኅና አናጢ የቁም ሣጥን መዝጊያ ሲሠራ በአራቱ ጠርዝ እንጨቶች ውስጥ ቦይ ይፈለፍላል፤ መካከለኛውንም ሰሌዳ በቦዩ ውስጥ ያስገባዋል እንጂ በኮላ አያጣብቀውም። ምክንያቱ ያልተነገረው ጀማሪ ይህን ሲያይ መምህሩ ኮላ የቈጠበ ይመስለዋል። ራሱ ሲሠራም መዝጊያው እንዲጠነክር ብሎ ቦዩን በኮላ ይሞላዋል፤ ሰሌዳው በበጋ ሲጠብ መሄጃ አጥቶ ከመካከሉ ይሰነጠቃል። ይህን ለመከልከል የሚበቃው የሩብ ሰዓት ትምህርት ነበር።

ዛሬ ደግሞ ብዙው የማዕድ ቤት ቁም ሣጥን የሚሠራው ከጣውላ ሳይሆን፥ ከእንጨት ስብርባሪና ከማጣበቂያ ተጨምቆ ከሚወጣው ከቺፕውድ ወይም ከኤምዲኤፍ ነው። ከዚህም ምክንያት አንዱ የአገር እንጨት ብርቅ እየሆነ መሄዱ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ዋንዛ፥ ዝግባ፥ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። ቺፕውድ እንደ ጣውላ በየወቅቱ ብዙ አይሰፋም፥ አይጠብም፤ ጠላቱ ግን ውኃ ነው። ውኃ በተቈረጠው ጠርዝ በኩል ከገባ ያብጣል፤ ካበጠም ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። እንግዲህ ጀማሪው ጠርዙን በልጥ መሸፈንን እንደ ጌጥ ብቻ አይቶ፥ ዐይን የማያርፍበትን የውስጡንና የታችኛውን ጠርዝ እንዳይተወው፥ ስለ ምን እንደሚሸፈን ይነገረው። ከሁሉ በፊት የሚያብጠው በውኃ ማጠቢያው ሥር ያለው፥ ማንም የማያየው ጠርዝ ነውና።

ሁለተኛው ትምህርት መለካት ነው። «አሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቍረጥ» የሚለውን ጀማሪ ሁሉ ይሰማል፤ ነገር ግን አንዱን ስፍራ አሥር ጊዜ መለካት አይረባም። ግድግዳ ለዐይን ቀጥ ያለ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ጠማማ ነው፤ ስለዚህ ወርዱ ከታች፥ ከመካከልና ከላይ ይለካ፤ ቁም ሣጥኑም በሦስቱ መካከል ባነሰው ልክ ይሠራ፤ የቀረውም ክፍተት በቀጭን እንጨት ይሞላ። መሬቱም በውኃ ልክ ይፈተን፤ የቁም ሣጥኑ ከፍታ የሚጀመረው ወለሉ ከፍ ካለበት ነጥብ ነው እንጂ ዝቅ ካለበት አይደለም። ዝቅ ካለበት የጀመረ ሰው ከፍ ወዳለው ስፍራ ሲደርስ ቁም ሣጥኑን ከታች መቍረጥ ግድ ይሆንበታል። ከግድግዳ የሚንጠለጠለውን ለሚሠራ ደግሞ ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልገዋል። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ በአንድ ምስማር ክብደት አይሸከምም፤ ጠንካራ አግዳሚ እንጨት በብዙ ስፍራ በደኅና ማያዣ ታስሮ ቁም ሣጥኑ በርሱ ላይ ይሰቀላል። ከሥሩ ቆማ ድስት የምታማስል እናት አለችና፥ ይህ የሰው ሕይወት ነገር ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ትምህርት ጥያቄ ነው። ማዕድ ቤት የሚሠራው በዚያ ለምትሠራው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ግን አናጢው ከባለ ቤቱ ጋራ ስለ ዋጋ፥ ከልጆቹም ጋራ ስለ ቀለም ተነጋግሮ ይሄዳል፤ ምግብ የምታበስለውን ሴት ግን አንዲት ቃል አይጠይቃትም። የሥራው ገበታ ከመሬት ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል፥ ወደ ግድግዳውም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲገባ የተለመደ ልክ አለ። ልኩን በቃል ማጥናት ቀላል ነው፤ ምክንያቱ ግን ከሰው ክርን የመጣ ነው። ቆሞ የሚሠራ ሰው ክንዱና ጀርባው እንዳይደክም ገበታው ከክርኑ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህን ያወቀ ጀማሪ ለአጭሯና ለረጅሟ አንድ ልክ አይሰጥም፤ የሴቲቱን ክርን ይለካል። ከታችም ለእግር ጣት መግቢያ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ክፍተት የሚተወው፥ ሠሪዋ ወደ ገበታው ቀርባ ሳትጐብጥ እንድትቆም መሆኑን ያስተውላል።

ጥያቄና ልኬት ምን ያህል እንደሚያደርሱ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ታይቷል። ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለችው የኦስትሪያ ተወላጅ የሕንፃ ዐዋቂ በ1926 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ለከተማው አዳዲስ ቤቶች ማዕድ ቤት ነደፈች። ወርዱ 1.9 ሜትር፥ ርዝመቱም 3.4 ሜትር ያህል ነበር፤ እንዲህ ያለ ማዕድ ቤት ወደ 10000 በሚሆኑ ቤቶች ተሠራ። ይህች ሴት በስተርጅናዋ እንደ ተናገረችው፥ ያን ማዕድ ቤት ከመንደፏ በፊት ቤት አስተዳድራ ወይም ምግብ አብስላ አታውቅም ነበር። ነገር ግን አሜሪካዊቱ ክርስቲን ፍሬድሪክ ስለ ቤት ሥራ የጻፈችውን አነበበች፤ የሠሪዋ እርምጃ እንዲያጥርና ድካሟ እንዲቀልል እያንዳንዱን ሥራ ከፋፍላ መረመረች። ዱቄት የሚቀመጥበትም ዕቃ ነቀዝ እንዳይገባው ተብሎ ከባሉጥ እንጨት ተሠራ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጀማሪነት ነውር አለመሆኑ ነው፤ የማያውቅ ሰው የሚጠይቅና የሚለካ ከሆነ፥ ዐውቃለሁ ብሎ ከማይጠይቀው ይበልጣል።

ያም ማዕድ ቤት ግን ነቀፌታ አላጣም። ስፋቱ ለአንድ ሰው ብቻ የተመጠነ ስለ ነበረ ሁለት ሰዎች አብረው ይሠሩበት ዘንድ አይመችም ነበር። እንግዲህ እናት፥ ልጅና ጐረቤት ባንድነት ሽንኵርት በሚከትፉበት በኢትዮጵያ ቤት ያንኑ ንድፍ አምጥቶ የሚተክል አናጢ ምን ይጠቅማል? የውጭ አገር ሥዕል አይቶ ብቻ የሚሠራ ሰው ለምጣድ፥ ለቡሓቃና ዓመት ለሚቈየው በርበሬና ሽሮ ስፍራ አይተውም። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ የተለመደውን ገበታ ይሞላዋል፤ ራሱም ከፍታ ስላለው የሚቀመጥበት ገበታ ከሌላው ዝቅ ሊል ይገባዋል፤ አለዚያ ጋጋሪዋ ሊጡን ስታሰፋ ክንዷን ወደ ላይ እየሰቀለች ትደክማለች። ከምጣዱም በላይ ቁም ሣጥን አይሰቀል፤ አክንባሎው በተነሣ ቍጥር የሚወጣው እንፋሎት ቺፕውዱን ያሳብጠዋልና። ይህን ሁሉ የውጭ ሥዕል አያስተምርም፤ እንጀራ የምትጋግረው ሴት ግን ብትጠየቅ ባንድ ጊዜ ትናገረዋለች። ስለዚህ መምህር ጀማሪውን ለልኬት ይዞት ሲሄድ ሜትሩን ብቻ አያሸክመው፤ ጥያቄውንም እርሱ እንዲጠይቅ ያድርገው።

በዚህ ነገር ላይ መምህራን የሚያቀርቡት ተቃውሞ አለ። «ሁሉን በሁለት ዓመት ያስተማርሁት እንደ ሆነ በሦስተኛው ዓመት ከደጄ ፊት ሱቅ ከፍቶ ገበያዬን ይወስድብኛል» ይላሉ። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል። ጊዜውንና ጣውላውን ያወጣ መምህር ጥቅሙን ሳያገኝ ጀማሪው ቢሄድበት በእርግጥ ይጐዳል። ነገር ግን መድኀኒቱ ዕውቀትን መሰወር አይደለም፤ ውል ነው። የትምህርቱ ዘመን፥ ከዚያም በኋላ አብሮ የሚሠራበት ጊዜና ደመወዙ በመጀመሪያው ቀን ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። ዕውቀት የሚሰውር መምህር ጀማሪውን አላዋቂ አድርጎ ያቈየው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያ አላዋቂ የሚሠራው በመምህሩ ስም ነው። ተማሪው እንዳይበልጠው የፈራ መምህር በደካማ እጅ የተሠራ ሥራ ሲሸጥ ይኖራል። ካስተማረው መካከል አንዱ ቢሄድበት እንኳ፥ በርሱ ሥራ ቤት በእውነት ይማራሉ የሚለው ወሬ ትጉሆችን ጐልማሶች ወደ ደጁ ያመጣለታል።

የጀማሪውም ዕዳ ከመምህሩ አያንስም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፥ መዝጊያ ማንጠልጠል ስለ ቻለ ብቻ ራሱን ባለ ሙያ አያድርግ። መሣሪያውን እንደ ዐይኑ ብሌን ይጠብቅ፤ የደነዘ መሮ ብዙ ኀይል ስለሚፈልግ ስቶ እጅን ይቈርጣልና። በሚዞረው መጋዝ አጠገብ የላላ ልብስ አይልበስ፥ ወሬም አያውራ። መጥረግና መሸከም ሲታዘዝ አይናቀው፤ ሥራ ቤቱን የሚጠርግ ሰው የትኛው እንጨት እንደሚቈላለፍ፥ የትኛውም እንደሚሰነጠቅ ከቁርጥራጩ ይማራል። ምክንያቱ ያልገባውን ነገር ደግሞ በትሕትና ይጠይቅ፤ የተመለሰለትንም በደብተር ይጻፍ። ያልጠየቀ ተማሪ መምህሬ አላስተማረኝም ብሎ ቢያማ ግማሹ ሐሜት በራሱ ላይ ይመለሳል።

መምህሩም ጀማሪው ሥራውን እንደ ተማረ የሚያውቀው በዓመታት ቍጥር አይደለም። አንድ ትንሽ ቁም ሣጥን ከልኬቱ ጀምሮ እስከ መንጠልጠያው ብቻውን ይሥራ፤ ሲጨርስም ስለ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ «ይህ ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ተብሎ ይጠየቅ። መሳቢያው ሳይንገጫገጭ ቢሳብና መዝጊያው ልክ ሆኖ ቢገጥም መልካም ነው፤ ምክንያቱን መናገር ካልቻለ ግን ገና ለማጅ ነው። ምክንያቱን ከተናገረ ደግሞ፥ ነገ ለሚመጣው ሌላ ጀማሪ ሊነግረው ይችላል ማለት ነው።

ከእንጨት የተሠራ ሁሉ አንድ ቀን ያረጃል። ዛሬ የተሰቀለው ቁም ሣጥን ከብዙ ዘመን በኋላ ይወርዳል፤ ሠሪውም ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ያልፋል። ሙያው ግን በሰው ውስጥ የተቀመጠ እንደ ሆነ አብሮ አያረጅም። አናጢ በዕድሜው ከሚሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ ረጅም ዘመን የሚቈየው በደኅና ያስተማረው ሰው ነው።